የበቆሎው መታጠፊያ

ነገሩ የጀመረው በኅዳር ወር፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ዕለቱንም ሰዓቱንም ረስቼው አላውቅም። ቁጭ ብዬ እንድጽፈው ያደረገችኝ ግን ባለፈው ሳምንት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት። ከነቀምቴው ጨለለቂ ሰፈር ቁልቁል በሳይክል አብረን እየወረድን ሳለ ድንገት ፍሬን ይዛ ቆመችና ትስቅብኝ ጀመር።

«ደወል አለሽ አይደል እንዴ? ምን ያስጮኽሻል? ስብሰባ ላይ እኮ ስምሽ ሲጠራ እንኳ እጅሽን ብቻ ነው የምታወጪው!»

እውነቷን ነው። ዛሬም ሰው ፊት መናገር ሲኖርብኝ የምለውን ወረቀት ላይ ጽፌ ካልያዝኩ አልነሳም። ሳይክል ላይ ስሆን ግን ከየመታጠፊያው በፊት፣ መንገዱ ባዶ ቢሆንም፣ እጮኻለሁ። ያን ዕለት ፈገግ ብዬ አለፍኳት። መልሱ በአንድ ትንፋሽ የሚነገር አልነበረም።

ነገሩ በሆነበት ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ነቀምቴ፣ እናቴ ቤት፣ ሥራ እየጠበቅኩ ተቀምጬ ነበር። ወንድሜ ያሬድ በሦስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ ሳይክል የሚጠግንባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። የሥራ ማስታወቂያ አንብቤ በተመለስኩ ቁጥር ፊቴ ሲጠቁር አይቶ መሰለኝ፣ ከየአሮጌው ዕቃ ለቃቅሞ አንድ የተራራ ሳይክል ገጣጠመልኝ። ቀይ ቀለሙ በየቦታው ተላልጧል፤ ማርሹ ሲቀየር ይንቋቋል፤ ጎማው ግን ወፍራምና ጥርሳም፣ ድንጋይ ላይ ቢወጣ የማይንሸራተት ነበር።

በየቅዳሜው ይዞኝ ይወጣ ጀመር። ያን አገር በመኪና መስኮት ብቻ ሳየው ኖሬያለሁ። በሳይክል ስሄድበት መሬቱ በእጆቼ በኩል ይመጣ ነበር፤ ጠጠሩ፣ ቦዩ፣ የከብት ኮቴ የቦረቦረው ጭቃ ደርቆ የሠራው ጉብታ፣ ሁሉም በመሪው አልፎ እስከ ትከሻዬ ይደርሳል። ዳገት ላይ ሳንባዬ የሚፈነዳ ይመስለኛል፤ ጫፉ ላይ ደርሼ ላቤን ነፋሱ ሲያደርቀው ግን ሥራ ፈት መሆኔን እረሳለሁ። ከዚያ የተሻለ ደስታ በዚያ ዓመት አላገኘሁም።

ያሬድ ሦስት ነገር አስተማረኝ። «ጉድጓዱን አትዪ፤ የምትሄጂበትን እይ። ዓይንሽ ያረፈበት ነው የምትገቢው።» «ቁልቁለት ላይ ወገብሽን ወደ ኋላ።» «የፊቱን ፍሬን ለብቻው እንዳትይዢ፤ ይገለብጥሻል።» እነዚህን ቶሎ ያዝኩ። አራተኛውን ግን አልቻልኩም።

«ይሄ ሳይክል ደወል የለውም» ይለኝ ነበር። «ደወሉ አፍሽ ነው። ሰው ካየሽ ‹ከራ!› ብለሽ ጩኺ።»

ከራ በኦሮምኛ መንገድ ማለት ነው። ገበያ ውስጥ ሸክም የያዘ ሁሉ ሰው ገለል እንዲልለት የሚጮኸው ቃል ነው። አያቶቼ ከጎጃም ቢመጡም እኔ እዚያው ተወልጄ ያደግኩ ነኝና ቃሉን ከእናቴ ስም እኩል አውቀዋለሁ። ግን አይወጣኝም። ሰው ፊቴ ካየሁ ፍሬን ይዤ እወርድና ሳይክሉን እየገፋሁ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ሰላምታ እያጉረመረምኩ አልፋለሁ። ያሬድ በሳቅ ይሞታል። «ድመት እንኳ ሲረግጧት ትጮኻለች እኮ!»

ያን ቅዳሜ ወደ አንገር ጉቲን በሚወስደው መንገድ ወጣን። ዝናቡ ካቆመ ሰንብቷል፤ አቧራው ገና ከመሬት መነሳት መጀመሩ ነው፤ ኑጉ ግራና ቀኙን ቢጫ አልብሶታል፤ የንቦቹ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። አንድ ዳገት አናት ላይ ሸንኮራ የሚሸጥ ሽማግሌ ዘንድ አረፍን። ሰውዬው ልጦ ሲሰጠኝ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ አመሰገንኩት።

«ያሬድ፣ ይቺ ኢንተላ፣ እህትህ፣ አፍ የላትም እንዴ?» አለ።

«አላት ኦቦ፤ ለመብላት ብቻ ነው የምትከፍተው።»

ሁለቱ ተሳሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ የሸንኮራው ውሃ በአገጬ ላይ እየወረደ።

ከዚያ ዋናውን መንገድ ትተን በኑጉ ማሳዎች መካከል ቁልቁል በሚወርድ የእግር መንገድ ገባን። መንገዱ ታች አንዲት መንደር አጠገብ፣ አንድ መታጠፊያ ላይ፣ ከጠጠሩ መንገድ ጋር እንደገና ይገናኛል።

«ዛሬ አንቺ ቅደሚ» አለኝ ያሬድ። «ከኋላሽ ነኝ።»

ቀደምኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፍሬን ሳልይዝ ወረድኩ። ኑጉ ጉልበቴን ይገርፈኛል፣ ነፋሱ ሻሼን አውልቆ አንገቴ ላይ ጥሎታል፣ ሰውነቴ ሳላዘው ወደ ቀኝ ወደ ግራ ያዘነብላል። ክንፍ ያወጣሁ መሰለኝ። በዚያ ሁኔታ ነበር መታጠፊያው ላይ የወጣሁት።

መንገዱ ላይ በቆሎ ፀሐይ እንዲመታው ተሰጥቶ ነበር። በመከር ጊዜ የመንደሩ ሰው እህሉን መንገድ ዳር ያሰጣል፤ ጠጠሩ ቶሎ ይሞቃል፣ ጭቃም የለውም። ስንት ጊዜ አይተነዋል። በበቆሎው መሐል አንዲት ጎልማሳ ሴት ጀርባዋን ሰጥታኝ እህሉን በእግሯ እየጎተተች ታገላብጣለች።

ጊዜ ነበረኝ። ይህን ከዚያ ወዲህ መቶ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ አንድ ቃል ለመጮኽ የሚበቃ ጊዜ ነበረኝ። ቃሉም ጥርሴ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን የማላውቃትን፣ በዕድሜ እናቴ የምትሆንን ሴት፣ ከብት እንደሚነዳ ሰው ከጀርባዋ ልጩህባት? አፈርኩ። ቃሉን ዋጥኩትና የፊቱን ፍሬን በሙሉ ኃይሌ ጨበጥኩ።

በቆሎው ከጎማው ሥር ተንከባለለ። ሳይክሉ በጎኑ ሄደና ሴትየዋን ከወገቧ መታት። ክንዷ ከሥሯ ሲታጠፍ የደረቀ ጭራሮ የተሰበረ ያህል ድምፅ ሰማሁ። እኔ በላይዋ አልፌ ቦይ ውስጥ ወደቅኩ፤ አፌ አፈርና ደም ሞላው።

ያሬድ ሳይክሉን ማሳው ውስጥ ወርውሮ በሩጫ ደረሰ። መጀመሪያ ያደረገው የእኔን ሳይክል ከሴትየዋ ላይ ማንሳት ነበር። ሁለት ልጆቿ ከቤቱ ጀርባ፣ ከአውድማው፣ እየሮጡ ሲመጡ ያዩትም ይህንኑ ነው፤ እናታቸው መሬት ላይ ትጮኻለች፣ አንድ የማያውቁት ሰው ሳይክል ይዞ ከአጠገቧ ቆሟል።

«አንተ ነህ?» አለ ታላቁ።

ያሬድ ዞር ብሎ ወደ ቦዩ አየ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እኔ አልተነፈስኩም።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ። «ይቅር በሉኝ፣ አሁኑኑ ሐኪም ቤት…»

አላስጨረሱትም። ታላቁ አፉ ላይ በቡጢ አለው። ታናሹ የእህል መገልበጫውን እንጨት አንስቶ ጉልበቱን መታው፤ ያሬድ በቆሎው ላይ ተደፋ። ሌሎች ወንዶች ከየአጥሩ ዘልለው መጡ። ማን ምን እንዳደረገ የጠየቀ የለም። ይረግጡታል፤ እንጨቱ ጀርባው ላይ ሲያርፍ ከሣር ፍራሽ አቧራ እንደሚያራግፉ ያለ ድምፅ ይወጣል። ራሱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ጣቶቹን ረገጡበት። አንድ ጥርስ በቆሎው መሐል ወድቆ አየሁ። ነጭነቱ ከእህሉ ጋር ተመሳስሎ ከዙሪያው ባለው ደም ብቻ ነበር የሚለየው።

ቦዩ ውስጥ ተንበርክኬ ነበር። «እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አፌ ተከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ከነዚያ ወንዶች ውስጥ ወደ እኔ ዞሮ የተመለከተ አልነበረም። ሴት ልጅ ያንን ሳይክል ትነዳለች ብሎ ማን ያስባል? ዝም ብል እስከ ዛሬ ማንም አያውቅም ነበር።

ታላቁ ልጅ መንገድ ዳር ሄዶ በሁለት እጁ ድንጋይ አነሳ። ከራሱ በላይ ከፍ አደረገው። ከሥሩ ያሬድ መንቀሳቀስ አቁሟል።

«ከራ!»

ከእኔ የወጣ ድምፅ መሆኑን ያወቅኩት ጉሮሮዬ ሲቃጠል ነው። «ከራ! ከራ! ከራ!» መታጠፊያው ላይ የዋጥኩት ቃል ነበር፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። እየጮኽኩ ከቦዩ ወጥቼ በመካከላቸው ገብቼ ያሬድ ላይ ተደፋሁበት። አንድ ምት ትከሻዬ ላይ አረፈ። መጮኼን አላቆምኩም።

የመንደሩን ሴቶች ያመጣቸው ጩኸቱ ነው። በዚያ አገር ያገባች ሴት ሲንቄ የምትባል ቀጭን በትር አላት፤ ከሠርጓ ቀን ጀምሮ የራሷ ናት። ሴት ስትጮኽ የሰሙ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በትሯ በተጣሉ ሰዎች መካከል ከተጋደመች እሷን ተራምዶ የሚመታ ወንድ አይኖርም። ይህን በወሬ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። ሦስት ሴቶች ከየቤታቸው ወጡ። በዕድሜ የገፉት አንዷ ወንዶቹን በክርናቸው እየገፉ መጥተው በትራቸውን በእኛና በባለ ድንጋዩ መካከል አጋደሙ።

«በቃ!» አሉ። «የአንድ ሰው ደም አይበቃችሁም?»

ድንጋዩ ለጥቂት ጊዜ አየር ላይ ቆየ። ከዚያ ሰውዬው ዞር ብሎ ሳይክሌ ላይ ወረወረው፤ የፊት ጎማው ታጠፈ። ትንፋሹ እንደ ሯጭ ነበር።

በቆሎ ጭኖ ያለፈ መኪና ያሬድን ነቀምቴ አደረሰው፤ ሳይክሎቻችንንም አብረው ጫኑልን። የሴትየዋን ክንድ የመንደሩ ወጌሻ አሰረላት። እኔን ማንም ምንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። በቆሎ የተሞሉት ማዳበሪያዎች ላይ ተጋድሞ፣ ራሱ ጭኔ ላይ ሆኖ፣ ያሬድ አንድ ዓይኑን ከፈተ።

«ድመቷ ጮኸች» አለኝ። ሊስቅ ሞክሮ ጎኑን ያዘ። ሁለት የጎድን አጥንቶቹ ተሰብረው ነበር።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት እናቴ አንጮቴ ቀቀለች። ወለጋ ውስጥ አጥንት ለተሰበረበት ሰው መጀመሪያ የሚቀርበው ይህ ሥር ነው፤ አጥንት ይጠግናል ይባላል። ከድስቱ እያወጣች ወንድሜን ያንን ያህል ያስደበደበውን የሳይክል ጠንቅ ስትራገም አጠገቧ ቆምኩ።

«እማዬ፣ ሴትየዋን የገጨሁት እኔ ነኝ። ያሬድ አይደለም።»

በጥፊ መታችኝ። ከዚያ በፊት እጇን አንስታብኝ አታውቅም። ቀጥላ ጨርቅ ዘረጋችና አንጮቴውን ለሁለት ከፈለች፤ አንዱን ወገን አየችና ሁለት ጨመረችበት።

«የእሷም አጥንት ነው የተሰበረው» አለች። «ሳይበርድ አድርሺ።»

በያሬድ ሳይክል ሄድኩ። ታላቁ ልጅ በራፉ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ቀኝ እጁ አብጦ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ወንድሜን የመታበት እጅ ነው።

«አካም ቡልተን» ብዬ እንዴት እንዳደሩ ጠየቅኩት። «እናትህን የገጨሁት እኔ ነኝ። ወንድሜ ከኋላዬ ነበር።»

«አንቺ?» አለ። «እሱን ለማዳን ነው የምትዋሺው።»

መዳፎቼን ዘረጋሁለት። መሪው የላጠው ቆዳ ገና እርጥብ ነበር። ረጅም ጊዜ መዳፎቼን አየ፤ ቀጥሎ የራሱን እጅ። ሲነሳ የሚመታኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስከፍት ከበሩ ገለል ብሎ፣ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ቆሟል።

እናቱ፣ አዴ ብርቂቱ፣ መደብ ላይ ተቀምጠው ክንዳቸው በቀርከሃ ታስሮ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አይቻቸው እንደነበር፣ መጮኽ እንዳፈርኩ፣ ወንድሜ ሲደበደብ ዝም እንዳልኩ። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ድምፅሽን እኮ ትናንት ሰማሁት» አሉኝ። «መንደሩን ሁሉ የሚሰበስብ ድምፅ ነው። ትንሽ ቀደም ብለሽ አውጥተሽው ቢሆን ኖሮ ክንዴም፣ ያ ልጅም፣ የእኔም ልጆች ይተርፉ ነበር።» ቀጥለው ጨርቁን በአገጫቸው አመለከቱኝ። «በአንድ እጅ አይላጥም። ላጪልኝ።»

እየላጥኩ፣ ጨው እየነካሁ አጎረስኳቸው።

በሳምንቱ ልጆቻቸው ከሽማግሌ ጋር ቤታችን መጥተው ያሬድን ይቅርታ ጠየቁ። ዛሬም ሲስቅ በጎደለው ጥርስ በኩል ትንሽ ፉጨት ይወጣዋል፤ በሰማሁት ቁጥር ያ መታጠፊያ ይመጣብኛል። ዓይን አፋርነት ማንንም የማይጎዳ፣ የራሴ ብቻ ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ እንደዚያ አላስብም።

ባልደረባዬ ደግማ ከጠየቀችኝ የምነግራት ያንን የእሑድ ጠዋት ቁልቁለት ነው። አንጮቴው ጀርባዬ ላይ ታስሮ ገና ይሞቀኛል፤ የያሬድ ሳይክል ኮርቻው ከፍ ብሎብኝ እግሬ ፔዳሉን በጭንቅ ይደርሳል። በዚያው በኑጉ መሐል ወረድኩ። መታጠፊያው ላይ ሰው አልነበረም፤ በቆሎው ተነስቶ አቧራው ላይ ጥቂት ፍሬዎች ብቻ ቀርተዋል። ገና ሳልደርስ፣ ከሩቅ፣ አፌን ከፍቼ ጮኽኩ።