አንድ ሲካፈል ለሰባት

ልጅ እያለሁ የሚያልቅ ነገር ያናድደኝ ነበር። በዚያ የረሃብ ዘመን፣ ሱዳን ውስጥ ከሾዋክ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የስደተኞች መጠለያችን፣ ዱራ የሚሉት ማሽላ ያልቃል፣ ውሃው ያልቃል፣ ሰውም ያልቃል። የማያልቅ ነገር ያገኘሁት የትምህርት ዳሳችን ውስጥ ነው። ከጎንደር አብረውን የተሰደዱት መምህራችን አንድን ለሰባት እንድናካፍል አዘዙን። ደብተር ስላልነበረን የምንጽፈው በእንጨት አፈር ላይ ነው። ከነጥቡ በኋላ 142857 መጣ፤ ደግሞ ያው 142857፤ አሁንም ያው። የዳሱ ወለል አልበቃ ሲለን እየተሳሳቅን ወደ ሜዳው ወጣን። ፀሐይ የመታው አፈር ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ።

ቁጥሩ ጉደኛ ነበር። በሁለት ሲባዛ 285714፣ በሦስት ሲባዛ 428571 ይሆናል። እስከ ስድስት ድረስ እነዚያው አሃዞች ተራቸውን ሳያፋልሱ ይዞራሉ እንጂ አንዱም አይጎድልም። በሰባት ሲባዛ ግን 999999! ሆዴ ባዶ ሆኖ እንዲህ ጢም ያለ ነገር ማየት ደስ ይለኝ ነበር፤ እልህም ያስይዘኝ ነበር።

እኛም ቤት ሰባት ነበርን፤ አክስቴ፣ አምስት ልጆቿና እናት አባቴን በስደት መንገድ ላይ የቀበርኩት እኔ። አንድ ቀን ከገዳሪፍ አንዲት ደላላ መጣች። ለሰው ቤት ሠራተኛነት ልትወስደኝ ነው።

«ኻላስ፣ በቃ፣ ልብሷን ያዢላት፤ መኪናው እየጠበቀኝ ነው» አለች። «ለሰባት ከሚሆን ለስድስት ቢሆን ድርሻችሁ ይሰፋል።»

የአክስቴ ትንሹ ልጅ ቆዳና አጥንት ሆኖ ጭኗ ላይ ተኝቷል፤ ምን ታድርግ? እኔ ግን በርከክ ብዬ አፈሩ ላይ አንድን ለስድስት ማካፈል ጀመርኩ።

«ተነሽ እንጂ፣ አንቺ ልጅ!» አለች ደላላዋ።

«አልነሳም! አልጨረስኩም።»

«ምን ወጣልሽ?» አለች አክስቴ። እሷ ፊደል አልቆጠረችም።

«መጀመሪያ አንድ ይላል፤ ከዚያ ስድስት፣ ስድስት፣ ስድስት...»

«ሌላ አይመጣም?»

«እኔ ከሄድኩማ ሌላ አይመጣም፣ አክስቴ።»

ይህ እንኳ ሂሳብ አይደለም፤ እልህ ነው። መምህሬ ቢሰሙ ይቆጡኝ ነበር። ደላላዋም አልዋሸችም፤ ለስድስት ሲሆን ድርሻው በእርግጥ ይሰፋል። አክስቴ አፈሩን ትክ ብላ ስታይ ቆየችና ቀና አለች።

«ልጄ ሥራ ላይ ናት። ሂጂልን» አለቻት።

የዚያን ቀን የዱራ ገንፎ ለሰባት ተሻማን። ማንም አልጠገበም።

ዛሬ ልጄ ያንን ቁጥር ስልኳን ነካ አድርጋ ታወጣዋለች። እንዲያ በቀላሉ ስለመጣላት ትንሽ አዝናለሁ፤ ስንት አፈር ቆፍረንበታል! እሷ ግን ሂሳቧን ይዛ ጠረጴዛዋ ላይ ስትውል ተነሽ ሊላት የመጣ ሰው የለም። ይምጣና ይሞክረኛ!