ከቅርፊቱ በታች

ባሌን ሰፈሩ «ዝም አይነቅዝም» እያለ ነበር የሚጠራው። በሰው ዳቦ ቤት ጋጋሪ ነበር። ያገባሁት ዕለት አክስቶቼ ሰውየው ዲዳ ነው እንዴ ብለው እናቴን ጠይቀዋታል። እናቴም፣ ልጄ ለሁለት ታወራለች፣ ምን ቸገረው አለቻቸው። እውነቷን ነው። በቤታችን የእሱንም የእኔንም ወሬ የማወራው እኔ ነበርኩ።

ዳቦ ቤቱ ከደጃችን ትይዩ ነበር። የጠዋቱ ዳቦ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ምድጃው ቶሎ አይበርድም፤ ስለዚህ የሰፈሩ ሴቶች የመጋገሪያ ትሪያቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። የሚያመጡት ሁሉም ያው ነው። ማካሮኒ ተቀቅሎ፣ ሽንኩርትና የቲማቲም ድልህ ገብቶበት፣ የተበጠበጠ የዱቄት ወተት ፈስሶበት፣ ያላት ሳርዲን ጨምራበት፣ ከላይ የደረቀ ዳቦ ተፈርፍሮ ይለብሳል። ገበያ ሳይወጣ ጓዳ ባለው ብቻ ስለሚሠራ ስሙ «ቤት ያፈራው» ነው። ልጅ ያጠግባል፣ ብርድ ያስረሳል። ደግነቱ ደግሞ ከምድጃ ሲወጣ ሳርዲን ያለበትም የሌለበትም አንድ መምሰሉ ነው። ቅርፊቱ ገመና ሸፋኝ ነው።

ባሌ ግን ትሪውን በረጅሙ አካፋ አንስቶ ወደ እሳቱ ሲገፋ፣ የማን ጓዳ እንደሞላ የማን እንደጎደለ ክንዱ ይነግረዋል። ከቅርፊት በታች ያለው የባለቤቱ ነው ይል ነበር፤ ከዚያ ሌላ አንዲት ቃል አይወጣውም። ስንት ጊዜ ለምኜዋለሁ። የሰፈሩን ጓዳ ሁሉ ከሚያውቅ ሰው ጋር አንድ አልጋ ላይ እያደርኩ ምንም ሳልሰማ መንጋቱ ያበሽቀኝ ነበር።

ከእኛ በላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት ልብስ ሰፊ ነበሩ። የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም ሁሉ የሰፉት እሳቸው ናቸው። ኋላ ዓይናቸው ደከመና መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታቸው፤ ጨርቅ የሚያመጣላቸውም ቀረ። አንገታቸውን ግን አልደፉም። ኮታቸውን ተኩሰው፣ ትሪያቸውን ይዘው እንደ ማንኛችንም ይሰለፉ ነበር።

በዚያ ክረምት ባሌ አልጠግብ አለኝ። የተቀቀለ እንቁላልና ቁራጭ አይብ ለምሳው ቋጥሬለት ይሄዳል፤ ሲመለስ ደግሞ እንዳልበላ ሰው ድስቱን ያንኳኳል። ሆድህ ውስጥ ሰው ደብቀሃል ወይ እያልኩ እስቅበት ነበር።

አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋ ትሪያቸውን አጥበው ባዶውን ይዘው መጡ። ሰልፉ ፊት ባንኮኒው ላይ አስቀመጡትና «ትሪዬ ተነክቷል፤ ቅርፊቱ ተከፍቷል» አሉ። ሌላ ሳይጨምሩ ወጡ። የቀረውን ሰልፉ ጨመረበት። አንዷ ሳርዲኔ ያንስብኝ ነበር አለች፤ ሌላዋ ወተቱ አለች፤ ሦስተኛዋ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብላ ደመደመችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማን ይመልሰዋል?

ባለ ዳቦ ቤቱ ክፉ ሰው አልነበረም። ባሌን ጠርቶ ከፍተሃል ወይ አለው። ከፍቻለሁ አለ። ለምን ሲባል ዝም። ደጋግሞ ለመነው፤ ዝም። በመጨረሻ ከምድጃው አንስቶ የዱቄት መጋዘን ውስጥ ኩንታል ተሸካሚ አደረገው። ዕድሜ ልኩን በእሳት ፊት የቆመ ሰው፣ በስተርጅና ዱቄት እየሳለ መግባት ጀመረ። ስሙም ተቀየረ። «አይጡ» አሉት።

ባሌ ሌባ እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ። ለምን እንደከፈተ ግን ለእኔም አልነገረኝም። ስለዚህ ጫማዬን በቅጡ ሳላጠልቅ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄድኩ፤ ስሙን እንዲያጸዱልኝ። ጓዳቸው ጥርት ያለ ነበር። መደርደሪያው ላይ የማካሮኒ ፓኮ በረድፍ ተደርድሯል። ይህን ሁሉ ይዘው ነው ለአንድ ጭልፋ ማካሮኒ የሰው ስም የሚያጠፉት ብዬ አንዱን ፓኮ አንስቼ ፊታቸው ነቀነቅሁት። ምንም አይመዝንም። አፉ ተከፈተና ሰማያዊ የዩኒፎርም ቁርጥራጭ ጨርቅ እግሬ ላይ ፈሰሰ።

ጎንበስ ብዬ ጨርቁን መልሼ ፓኮው ውስጥ መክተት ጀመርኩ። እሳቸው ተቀመጡ።

«የእኔ ትሪ የደረቀ ዳቦና ውሃ ነው» አሉኝ። «ባልሽ እንቁላሉን ከተተበት። አይብ ከተተበት። አንድ ቀን አይደለም።»

«ታዲያ እትዬ፣ ጨመረ እንጂ አልወሰደም ብለው ይንገሩልኛ።»

«እኔ ተነካ ነው ያልኩት። ወሰደ አላልኩም።»

«እነሱ እኮ ሌባ እያሉት ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ጨመረልኝ ካልኩ ግን ነገ ሁሉም ይጨምርልኛል። እሱን አልችለውም፣ ልጄ።»

ተናድጄ ወጣሁ። አዝኜም ወጣሁ። ቤት ገብቼ ሁሉን ዐወቅሁ፣ ለሰፈሩ ልንገር አልኩት። «ሆድ ይፍጀው» አለኝ። የእሱስ ሆድ ይፍጀው፣ እሺ፤ የእኔ ሆድ ግን እንዲህ ያለ ነገር አስቀምጦ አያውቅም። ሲያቃጥለኝ ከረመ። ትሪ ሠርቼ ልብስ ሰፊዋ ደጅ ባስቀምጥ፣ በልቻለሁ ብለው እንዳለ መለሱልኝ። ዳቦ ቤቱም ዳግመኛ አልመጡም።

ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ። ሐኪሙ ልባቸው ነው አለ። ይሁን፣ ልባቸው ነው።

ወሬው እንደተሰማ ባሌ ባዶ የዱቄት ጆንያ ይዞ ወደ ቤታቸው ሮጠ። ተከተልኩት። ለቀስተኛው ጓዳ ገብቶ በጨርቅ መሞላታቸውን ሳያይ ፓኮዎቹን ሁሉ ወደ ጆንያው ጠራረጋቸው። በጓሮ በር ስንወጣ ሁለት ጎረቤቶች ፊት ለፊት ገጠሙን። ጆንያውን አዩ፤ የመደርደሪያውን ባዶነት አዩ። «አይጥ የሟችንም ጓዳ አይምርም» አለች አንዷ። አፌን ከፈትኩ። ባሌ አየኝ። ዘጋሁት።

ቤት ገብተን ጨርቁን እሳት ውስጥ ስንጨምር አንደኛው ፓኮ ከበደኝ። ከፈትኩት፤ እውነተኛ ማካሮኒ ነበር፣ ሳይነካ። ያ ሁሉ ረሃብ እያለባቸው ለእንግዳ ብለው ያቆዩት መሆን አለበት። ሌላ ምን ይሆናል? አለቀስኩ።

ባሌ እሳቱን ቆሰቆሰ። «ሥሪው» አለኝ። «እንግዶቻቸው መጥተዋል።»

ሽንኩርቱንና ድልሁን ከራሴ አደረግሁ፤ ያለችኝን አንዲት ሳርዲን ከፈትኩ። ዳቦውን እሱ ፈረፈረው። በቤታችን ትንሽ ምድጃ፣ እንደ ድሮው ቆሞ እየጠበቀ ጋገረው። እንዲያ ያማረ ቅርፊት አላየሁም። ተሸክሞት ሄደና ከሌሎቹ ትሪዎች መካከል የለቅሶው ጠረጴዛ ላይ አኖረው። የልብስ ሰፊዋ ነው ማለት አንችልም፤ የእኛ ነው አልን።

ሌላው ትሪ ሁሉ ተጠርጎ ተበላ። ከአይጡ ቤት የመጣ ነው ተባብለው ወደ እኛው ትሪ ማንም እጁን አልሰደደም። ሲመሽ ባሌ እያሳለ ተሸክሞት ተመለሰ፤ ቅርፊቱ እንዳለ ነበር።