ሰባት ቤት የተቆጠረበት እሁድ

ከባሕር ዳር የተነሣሁት ቅዳሜ ማለዳ ነው። ጉዳዬ አንድ ነበር፤ የሐኪሙን ቃል ለታላቅ እኅቴ ለወርቄ ማድረስ። የጡት ካንሰር ታክሜ ከዳንሁ ቆይቻለሁ፤ ግን ጎኔን ቆንጠጥ ባደረገኝ ቁጥር «ተመልሶ መጣ» እላለሁ። በቅርቡ ደግሞ የደም ምርመራዬ ለበሽታው የሚያጋልጠውን ነገር ከቤተሰብ እንደወረስሁት አሳየ። «እኅትሽም ልጇም ይታዩ» አለኝ ሐኪሙ። ይህን በስልክ መናገር አልሆነልኝም።

ከወረታ ሽቅብ

እስከ ወረታ ሜዳ ነው፤ ሩዙ ታጭዶ ተከምሯል። ሚኒባሱ ዳገቱን ሲይዝ ብርዱ በመስኮት ገባ። አጠገቤ የተቀመጡት ቄስ በነጠላዬ ስጠቀለል አይተው «ባሕር ዳር አሙቆ አበላሽቶሻል፣ ልጄ» አሉኝ። ሳቅሁ። ደብረ ታቦር ስኳርና ሳሙና ገዝቼ በባጃጅ ወደ እኅቴ መንደር ሄድሁ።

ወርቄ ቤት

ቅቅል ድንች በአዋዜ አቀረበችልኝ። ልጇ እንይሽ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ጠብቄ ነገርኋት። እጇ ድንቹ ላይ ቀረ።

«ነገ እንይሽን ለትዳር የጠየቀው ልጅ ዘመዶች ዘር ሊቆጥሩ ይመጣሉ» አለች። «ሰባት ቤት ሲቆጥሩ ዝምድና ብቻ አይደለም የሚጠይቁት፤ ደዌም ይጠይቃሉ። በሞቴ፣ ልጄን ሳታገባ አታስቀሪያት።»

«እትዬ፣ እኔ የመጣሁት እንድትታዩ ብዬ ነው።»

«እንታያለን። ሰርጉ ይለፍ።»

እሁድ

ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። የወርቄ ባል የራሱን ወገን እስከ ሰባት ቤት ቆጠረ፤ ቀጥሎ የእኛ ተራ ሆነ። የእናታችን ስም ሲነሣ በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ «እሳቸውስ በምን ዐረፉ?» ብለው ጠየቁ።

«ምች መትቷት ነው፣ አባቴ» አለች እኅቴ ፈጠን ብላ።

እናታችን የሞተችው ጡቷ ቆስሎ ነው። ቁስሏን ስታጥብ የከረመችው ራሷ ወርቄ ነበረች። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ደኅና ነሽ፣ ልጄ?»

እንይሽ በአዲስ ቀሚስ ጠላ ትቀዳለች፤ ደስታዋን መደበቅ አቅቷታል። «ደኅና ነኝ» አልሁ። ወዲያው እልልታው ቀለጠ። እኔም አብሬ እልል አልሁ።

መመለስ

ሰኞ ቁልቁል ስወርድ እህል የሚወቁ ገበሬዎች በየአውድማው ነበሩ። ማየቱን አየሁ እንጂ ልቤ የለም፤ መንገዱን ሁሉ ከራሴ ጋር ስጣላ ዋልሁ። ቤቴ ገብቼ ገና ቁጭ ስል ወርቄ ደወለች።

«ሰርጉ ለጥር ተቆረጠ» አለች። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያንቺው እባጭ መጀመሪያ ላይ ያምሽ ነበር?»

«አያምም ነበር። ለምን ጠየቅሽኝ፣ እትዬ?»

«እንዲያው ነው።»

«ነገ ነይ፤ መናኸሪያ እጠብቅሻለሁ።»

«ሰርጉ ይለፍ አልሁሽ እኮ» ብላ ዘጋችው።

ደግሜ ብደውል አላነሣችም። ስሄድ መናገር የሚበቃ መስሎኝ ነበር። ይዣት መምጣት ነበረብኝ።