በጎን የተሳለችው

ባለፈው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከሞላሌ ወጣ ብሎ ባለው የማርያም ደብር የመቅደሱ ግድግዳ ሥዕል ወረደ። ጣሪያው ስለሚያፈስ ሸራው እንዲጠገን ደብሩ ወስኖ ነበር። ሁለት የጥገና ባለሙያዎች ከታች ጀምረው በቀስታ ሲልጡት፣ ከኋላው የቆየ የቆዳ ሙጫ ሽታ ወጣ።

ያን ሽታ አውቀዋለሁ። የአክስቴ መጋዘን ሽታ ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ የምኖረው እሳቸው ዘንድ ነበር። አክስቴ የተወለዱት ቀየት የሚባል መንደር ነው፤ በልጅነታቸው የበግ ጠጉር እየፈተሉ ገበያ ያወጡ ነበር። ነጋዴው ባላቸው ሲሞቱ ንግዱ ይፈርሳል ያለ ሁሉ ተሳሳተ። አክስቴ በርኖስና ባና፣ የጠጉር ካባና ብርድ ልብስ፣ እያሠሩ ደብረ ብርሃን ድረስ አስጫኑ፤ ወፍጮ ተከሉ፤ የጭነት መኪና ገዙ። የተረፋቸውን ገንዘብ የሚያወጡት ግን ለሁለት ነገር ነበር፦ ለዜማና ለሥዕል። በጾም በገና ደርዳሪ፣ በፍስክ አዝማሪ ከቤታቸው አይጠፋም። ከሁሉም የሚወዱት አንድ ወጣት ባለማሲንቆ ነበር። በየዓመቱ አዲስ በርኖስ ያለብሱታል፤ እሱም ከደጁ ሳይገባ ይጀምራል፦

የሞላሌ ውርጭ ምን ያደርገኛል፣
የእሜቴ በርኖስ ይሸፍነኛል።

«ዘንድሮ ደግሞ አምና ያልከውን ነው የምትለው?» ይሉታል አክስቴ፣ እየሳቁ።

«በርኖሱስ ያው የአምናው አይደል፣ እሜቴ!»

እንዲያ የሚሳሳቁት ሰው ሽማግሌ ልኮ አንዲት ልጃቸውን ሲጠይቃቸው፣ ፊታቸው ጠቆረ። «አበላዋለሁ፤ አለብሰዋለሁ። ልጄን ግን ለአዝማሪ አልድርም» አሉ። ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። በሳምንቱ፣ በገበያ ቀን፣ ልጅቱ ከአዝማሪው ጋር በአውቶቡስ ሄደች።

የማርያም ሥዕል በዚያን ጊዜ ተጀምሮ ነበር። ሰዓሊው ከጎጃም የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ሸራውን ከመጋዘኑ ግድግዳ ላይ ወጥረው፣ ከጠጉሩ ክምር አጠገብ ሙጫ እያፈሉ ይሠሩ ነበር። እንደ ልማዱ ያሣለው ሰው ከእመቤታችን ግርጌ ከነቤተሰቡ ይሳላል። የአክስቴና የሟች ባላቸው ምስል አልቆ፣ የልጅቱ ቦታ ገና በከሰል ብቻ ተነድፎ ነበር። ለሰዓሊው ምሳ ይዤ ገብቼ እዚያው ቆሜ ሳለሁ አክስቴ መጡ።

«አለቃ፣ ልጅቱን በጎን ይሳሏት» አሉ።

«በጎን?»

«በጎን። በአንድ ዓይን።»

በአገራችን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሳላል። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ይሁዳና ሰይጣን ነው። ይህን ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል።

ሰዓሊው ብሩሻቸውን አስቀመጡ። «እሜቴ፣ አዝማሪ አገባች እንጂ ጌታዋን አልሸጠች።»

«እኔን ሸጣኛለች።»

«ዛሬ ተቆጥተዋል። ትንሽ እንቆይ።»

«ቀለሙን የገዛው ማነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እንግዲያውስ።»

ሰዓሊው ብሩሹን መልሰው አነሡ። «ኋላ ታርቀዋት ሁለተኛ ዓይን ይጨምሩላት ቢሉኝ የማስገባበት ቦታ የለኝም። በጎን የዞረ ፊት ሌላ ዓይን አያበቅልም። ይህን ሰምተው ያዘዙኝ እንደሆነ እሺ።»

አክስቴ ሰሙ። አዘዙም።

ሥዕሉ በክረምት መውጫ ተለጠፈ፣ ተባረከ። ሰዓሊው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ከልጅቱ ሽማግሌ መጣ፦ ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ ለኅዳር ጽዮን መጥታ ከእናቷ እግር መውደቅ ትፈልጋለች። አክስቴ ነገሩን እስከ መጨረሻው አላስነገሩም። «ትምጣ እንጂ! ልጁንም ታምጣው። ያም ከፈለገ ይምጣ፣ ማሲንቆውን እንዳይረሳ» አሉ። በማግስቱ ሸማኔያቸውን ጠርተው ለሕፃን የምትሆን በርኖስ አዘዙ። ሸማኔው በሕይወቱ እንዲህ ያለች ትንሽ በርኖስ ሠርቶ አያውቅም ነበርና፣ «ለድመት ነው?» ብሎ ተሰደበ።

የበዓሉ ዕለት ወደ መናኸሪያ የላኩኝ እኔን ነው። «በቀጥታ ወደ ቤት። የትም እንዳታዞሪያት» አሉኝ። ምክንያቱን አልነገሩኝም፤ መንገርም አላስፈለጋቸውም።

ልጅቱ ሕፃኑን አዝላ ወረደች። ባሏ ነገሩ እስኪለይ ደብረ ብርሃን ቀርቷል። ዓይኗን እንደ ዱሮዋ ተኩላለች።

«እማዬ ተቆጥታለች?»

«በርኖስ አሠርተውለታል። አውራ ጣት የምታህል።»

«የእማዬ ነገር! ገና ጥርስ ሳያበቅል?» ብላ መንገድ ላይ ቆማ ሳቀች። ከዚያ ወደ ደብሩ ታጠፈች።

«ቤት እንሂድ፤ እየጠበቁሽ ነው።»

«ደብሩን ሳልሳለም? ምን ነክቶሻል?»

እውነቷን ነው። ከሩቅ የመጣ ሰው የቤቱን ደጃፍ ከመርገጡ በፊት ደብሩን ይሳለማል። ይህን ያስተማሯት እናቷ ናቸው። «ኋላ ትሳለሚያለሽ» አልኳት፤ አልሰማችኝም።

ቅዳሴው አብቅቶ ነበር። በሴቶች በር ገባን። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ከሥዕሉ ግርጌ ላይ አርፏል። መጀመሪያ እናቷን አየች። «አሳምረዋታል። አፍንጫዋን ቀንሰውላታል» አለች። ቀጥላ አባቷን አየች፤ ጎንበስ ብላ ተሳለመች። ከዚያ ሦስተኛይቱን አየች። ከሥሯ «ልጃቸው» የሚል ተጽፏል። ጽሕፈቱን በጣቷ ተከተለችው።

«እኔ ነኝ?» አለች።

ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ፣ ፊቱን ወደ ደረቷ አዙራ አቀፈችው።

«ደብሩን ተሳልማ ሄደች በያት።»

በዚያው አውቶቡስ ተመለሰች።

አክስቴ ትንሿን በርኖስ በክንዳቸው ላይ አድርገው ከደጅ ቆመው ነበር። ብቻዬን ሲያዩኝ የጠየቁት አንድ ነገር ነው። «አየችው?» አሉ። «አየችው» አልኳቸው።

በዚያ ሳምንት ለመቅደሱ ግድግዳ ቀይ መጋረጃ አስገቡ፤ የሥዕሉን ግርጌ እስከ ወለሉ ይሸፍን ነበር። ወደ ጎጃም ሰው ላኩ፤ ሰዓሊው ሞተዋል አሏቸው። ወደ ደብረ ብርሃን ሽማግሌ ላኩ፤ ሽማግሌዎቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ በአክስቴ ቤት ማሲንቆ አልተመታም። ኪዳን ግን አያስታጉሉም ነበር። ሰው ሁሉ ሲወጣ እሳቸው ይቀራሉ፤ መጋረጃውን ገልጠው ይገባሉ፤ ይቆያሉ። «እሜቴ ከማርያም ጋር ምን ምስጢር አላቸው?» ይሉ ነበር ሴቶቹ።

ልጅቱ መጀመሪያ ከቤት ስትሄድ የኩል ብልቃጧን ረስታ ነበር። አክስቴ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይይዙት ነበር። እሳቸው ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ተኩለው አያውቁም። የልጅ ዕቃ ነው፣ ትዝታ ነው ብዬ አለፍኩት።

አክስቴ የተቀበሩት በዚያው ደብር፣ በሴቶች በር በኩል ነው። ልጃቸው ለአርባው መጣች። መቃብሩ አጠገብ ቆማ አለቀሰች፤ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ግን አልገባችም።

ማክሰኞ ዕለት መጋረጃው ከነአቧራው ወረደ። ከባለሙያዎቹ አንዷ፣ ወጣት ሴት፣ ከግርጌው ተንበርክካ ቆየች።

«እዚህ ላይ ሌላ እጅ አለ» አለች።

ቀርቤ አየሁ። በጎን የተሳለችው ልጅ ፊት እንዳለ ነው። ከአፍንጫዋ ማዶ ግን፣ ፊት በሌለበት፣ ባዶው ሰማያዊ ቀለም ላይ አንድ ዓይን አለ። ከመጀመሪያው ዓይን ይተልቃል፤ ጠማማ ነው፤ ሽፋሽፍትም አለው። ወጣቷ ጥጥ አርጥባ ጫፉን ነካችው፤ ጥጡ ጠቆረ።

«ቀለም አይደለም። ኩል ነው። በላይ በላዩ ደጋግመው ኩለውታል» አለች።

ወጥቼ ደብረ ብርሃን ደወልኩ። የአክስቴ ልጅ ዛሬ የልጅ ልጅ አይታለች። ያየሁትን እንዳየሁት ነገርኳት።

«የት ላይ ነው?» አለች።

«ከአፍንጫሽ ማዶ። ሰማያዊው ላይ።»

ስልኩን አልዘጋችም። ከወዲያ የመኪና ጥሩምባ ይሰማ ነበር።