አገር የሚያድለው ሹፌር

ልጅ ሳለሁ አባቴ አገር ያድል ነበር። ንጉሥ ሆኖ አይደለም፤ ካርቱም ውስጥ ከዴም አርካዊት የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነበር፤ ያውም ቁጡ ሹፌር፣ ቀኑን ሙሉ ከተሳፋሪ ጋር ሲነታረክ ውሎ ማታ ድምፁ ሻክሮ የሚገባ። ያኔ ታዲያ መብራት በጠፋ ቁጥር፣ መብራት ደግሞ የማይጠፋበት ማታ ብዙም አልነበረም፣ ከተከራየናት ክፍል ደጃፍ ፋኖሱን አስቀምጦ፣ የከሰሉን ፍም በስንጥር እየቆሰቆሰ፣ በዚያው በሻከረ ድምፁ ተረት ይጀምርልን ነበር።

የአባዬ ተረት የሌላ ሰው ተረት አይመስልም። ጅቡ የታክሲ ረዳት ነው፤ «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ!» እያለ መኪናዋ እስክትፈነዳ የሚያጭቅ። አንበሳው ትራፊክ ፖሊስ ነው። ዝንጀሮ ደግሞ ሒሳብ ሳይከፍል በመስኮት የሚወርድ ተሳፋሪ። እኔና ታናሽ ወንድሜ ናቲ እዚያው ካርቱም ተወልደን ያደግን ነንና አማርኛችን ውሃ እንደበዛበት ሽሮ የቀጠነ ነበር፤ ያልገባንን በዐረብኛ እንጠይቃለን። አባዬ ግን በተረት ሰዓት በዐረብኛ አይመልስም። «ጅብ በዐረብኛ አይስቅም» ይለናል፣ እኛም ሳንወድ በግድ በአማርኛ እንጠይቃለን።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ጎማ ተቃጠለ፣ መንገድ በድንጋይ ተዘጋ፣ እኛም ልጆቹ መፈክሩን ከመዝሙር አስበልጠን ያዝን። መንግሥቱ ሲወድቅ ሰፈሩ ሁሉ ጨፈረ፤ አባዬም ያን ዕለት ሰውን በነፃ ሲያመላልስ ዋለ፣ እማዬ እስከ ዛሬ ታነሳበታለች። ደስታው ግን ናፍጣ አልሆነም። የማደያው ሰልፍ ረዘመ፣ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ሲዘጋ ከረመ፣ አንድ ቀን ደግሞ ተባራሪ ጥይት የጎረቤታችንን የውሃ በርሜል በስቶት ውሃው እስከ ደጃችን ፈሰሰ። ከዚያን ቀን ወዲያ እናቴ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ «ልጅቷን አውጣልኝ»። ልጅቷ እኔ ነኝ፤ ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ናቲ ገና ትንሽ ስለሆነ ከእናቱ አይለይም፤ የወላጆቼም እንጀራ ያለው ካርቱም ነው። እኔ ግን ደባርቅ፣ የአባዬ ታላቅ እህት እትዬ ብርቄ ዘንድ እንድቀመጥ ተቆረጠ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ጉዳይ በአንድ የአውቶቡስ ቲኬት ይጨርሰው ነበር። አባዬ የሚኒባሷን ወንበሮች ሁሉ ነቀለ። ካርቱሞች አንገረብ የሚሉትን የገመድ አልጋ አምጥቶ እግሮቹን በመጋዝ ቆረጠና ወለሉ ላይ ዘረጋው፤ ከኋላ የጋዝ ምድጃና የውሃ ጀሪካን አሰረ፤ እማዬ የምትከናነበውን አሮጌ ቶብ ቀዶ መጋረጃ አደረገው። «ዲንደርን እናያለን፣ ስሜንን እናያለን! አውሬ የሚያየው ፈረንጅ ብቻ ነው እንዴ? ያላ!» አለ። እማዬ ሻንጣዬን እየቆለፈች «አባትሽ ሽርሽር ይበለው እንጂ አንቺን ልናደርስ ነው፤ እወቂው» አለችኝ። እናቴ ነገር አታለባብስም። መቼ እንደምመለስ ስጠይቃት «አገሩ ሲረጋ፣ ኢንሻላህ» አለችኝ። እኔ ኢንሻላህን ጠንቅቄ አውቀዋለሁና አለቀስኩ።

ዲንደር ፓርክ ውስጥ ከአንድ ኩሬ ዳር ነበር ያረፍነው። ቀን ላይ አንድ ዝንጀሮ በመስኮት ዘው ብሎ ገብቶ ዳቦአችንን ይዞ በዚያው በመስኮት ሲወርድ፣ ናቲ «ሒሳብ! ሒሳብ!» እያለ ጮኸበት፤ አባዬ መሪው ላይ ተደፍቶ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሲመሽ እሳት አነደድን። የእርጥብ እንጨቱ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ አባዬ ወደ ምሥራቅ በአገጩ እያሳየ «ከዚያ ማዶ አላጥሽ ነው፣ የኛው አገር ጫካ። ዝሆኑ ሲያሻው ወዲህ፣ ሲያሻው ወዲያ ይላል። ኢቃማህን አምጣ የሚለው የለ!» አለን። ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ እቤታችን ከጨው ይልቅ ስሙ የሚነሳ ነገር።

ተረቱ ሲያልቅበት እንቆቅልሽ አመጣ። የእንቆቅልሽን ሕግ የኛ ሰው ያውቀዋል፤ መልሱ የጠፋው አገር ይሰጣል፣ የተሰጠው ደግሞ አገሩ ገብቶ ይበላል ይጠጣል፣ ሰጪውን ደህና አድርጎ ይሰድባል፣ ከዚያ መልሱን ይናገራል። አባዬ በዚህ ላይ የራሱን ሕግ ጨምሮበታል፦ ስሙ የተጠራ አገር አይነፈግም። ሌላ ልጅ ሐረርን ወይ ላሊበላን ይሰጥ ይሆናል። እኔ የማውቀው አገር የታክሲ መስመር ብቻ ነው። «አገር ስጪኝ» ሲለኝ «አርካዊት» አልኩት። አባዬ ደረቱን ነፍቶ ተቀበለኝ፦ «አርካዊት ገብቼ፣ ያለ ሰልፍ ናፍጣ ቀድቼ፣ ያለ ትራፊክ ነድቼ፤ አንቺ ግን ከጅቡ ጋር በር ላይ ተንጠልጥለሽ፣ ትርፍ ሰው ስትጠሪ ጉሮሮሽ ደርቆ!» እማዬ ሳትቀር ሳቀች።

ገዳሪፍ ባደርንበት ማታ ቡሪን ሰጠሁት፤ ቡሪ ገብቶ ዓባይ ዳር ፉሉን በላ። ወሰኑን ተሻግረን መተማ ስናድር ደግሞ ሌላ አገር አልቀረኝምና የገዛ ሰፈራችንን፣ ዴምን ሰጠሁት። ጓደኞቼ፣ ሱቁ፣ ደጃፋችን፣ ሁሉ አብሮ የሄደብኝ መሰለኝ።

ጎንደርን አልፈን ደባርቅ ስንደርስ አባዬ እትዬ ብርቄ ደጅ አልቆመም። «መጀመሪያ ጭላዳውን እንይ» ብሎ ሽቅብ ወደ ስሜን ፓርክ ነዳው። እማዬ «ነገር አታርዝም» አለችው። «ነገ እናደርሳታለን። ነገ፣ ኸላስ፣ በቃ» አላት፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። እዚያ ተራራ ላይ ብርዱ ለካርቱም ልጅ ጉድ ነው፤ ያለንን ልብስ ሁሉ ደራርበን እንኳ ተንቀጠቀጥን፤ ናቲ ከአፉ እንፋሎት ሲወጣ አይቶ «ተቃጠልኩ!» ብሎ ጮኸ።

ያን ማታ እሳቱን ከበን ሁላችንም የመጨረሻችን መሆኑን እናውቃለን። አባዬ «ተረት ተረት» አለ፣ «የላም በረት» አልነው፣ ግን ጅቡም አንበሳውም አልመጣለትም። ፍሙን በስንጥር ቆሰቆሰና «እስቲ ዛሬ አንቺ ጠይቂኝ፣ ሰላምዬ» አለኝ።

«እንቆቅልህ» አልኩት።

«ምን አውቅልሽ።»

«እግር እያለው ቤት የዋለ፣ እግሩን ሲቆርጡት አገር የዞረ።»

ናቲ ወዲያው ገባው። ጣቱን ወደ መኪናዋ ቀስሮ አፉን ሊከፍት ሲል እማዬ በመዳፏ ከደነችው። አባዬ በገዛ እጁ የቆረጠውን፣ መንገዱን ሁሉ የተኛንበትን አንገረብ አላውቀውም አለ። «ተሸነፍኩ፤ አገር ልስጥሽ። ጎንደርን እንቺ፣ ከነግንቡ።»

«አልፈልግም።»

«ስሜንን፣ ከነዋልያው።»

«አልፈልግም።»

«ጣናን፣ ከነዓሣው! ኧረ ምን ይሁንልሽ?»

«ካርቱምን ስጠኝ።»

አባዬ ጋቢውን ሰብሰብ አደረገ። «ካርቱም የኔ አይደለችም ልጄ» አለ፤ «የሰው አገር ናት። ይሄን ሁሉ ዘመን የኖርኩባት ፈቃድ እየለመንኩ ነው።»

«እኔ ሰጥቼህ የለም እንዴ! አርካዊትን ሰጠሁህ፣ ቡሪን ሰጠሁህ፣ ዴምን ሰጠሁህ!» እየጮህኩ ነበር፤ በዐረብኛ ይሁን በአማርኛ ትዝ አይለኝም። «ስሙ የተጠራ አገር አይነፈግም አላልክም?»

«ብያለሁ። የሌለኝን ግን ከየት ላምጣው? ጎንደርንም የሰጠሁሽ ለጨዋታ ነው፤ አንድ ክንድ መሬት የለኝም። ያለችኝ ይቺ መኪና ናት።»

«እሷን ስጠኝ።»

እማዬ «አንቺ!» ብላ ልትቆጣኝ ጀመረችና ተወችው። አባዬ አየኝ፣ መኪናዋን አየ፣ ተመልሶ እኔን አየ። «ሰጠሁሽ» አለ።

እኔም እንደ ሕጉ ተነስቼ አገሬ ገባሁ። በሩን ከውስጥ ስቤ ዘጋሁና፣ ጨለማው ውስጥ ተቀምጬ እንደሚባለው ማለት ጀመርኩ፦ «መኪናዬ ውስጥ ገብቼ፣ አባቴን ይዤ፣ እናቴን ይዤ፣ ናቲን ይዤ...» ከዚያ በኋላ የሚመጣው ስድቡ ነው፤ እሱ አልወጣልኝም። አባዬ ከውጭ ሲያለቅስ ሰማሁት። አባቴ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም ነበርና ፈራሁ፣ ግን በሩን አልከፈትኩም።

በማግስቱ እትዬ ብርቄ በግ አሳርዳ፣ ለእኔ አልጋ አንጥፋ ጠበቀችን። ምሳ በላን፣ ተመራረቅን። «በሉ እንግዲህ፣ ልጄን አስረክቡኝና መንገዱ ሳይመሽባችሁ ሂዱ» አለች። አባዬ እጁን እየታጠበ፣ «እትዬ፣ መኪናዋ እኮ የሷ ናት፤ እኔ ሹፌሯ ነኝ። ሹፌር ባለቤቷን ጥሎ መኪናዋን ይዞ ቢሄድ ሌባ አይባልም?» አላት።

«ምን ይዘባርቃል ይሄ ልጅ! የዚያ አገር ፀሐይ አናቱን መታው እንዴ?» አለችና ወደ እማዬ ዞረች። እናቴ፣ «ልጅቷን አውጣልኝ» እያለች የከረመችው እናቴ፣ ተነስታ ሻንጣዬን ራሷ ተሸክማ መኪናዋ ውስጥ ወረወረችው። «ግቢ፣ ሐሳቤን ሳልለውጥብሽ» አለችኝ።

ትክክል ሠሩ ወይ ብትሉኝ አላውቅም። ካርቱም ጥቂት ዓመት አብረን ኖርን፤ ከዚያ ጦርነቱ ሲመጣ በዚያው በምናውቀው መንገድ፣ በሰው የጭነት መኪና ላይ ተዛዝለን ወጣን። ሚኒባሷ ጠብታ ናፍጣ ሳይኖራት ዴም ግቢያችን ውስጥ ቀረች። ዛሬ ጎንደር ነን፣ አባዬ የሰው ባጃጅ ይነዳል። ተረቶቹን አብዛኛውን ረስቻቸዋለሁ፤ የሻከረው ድምፁና ጭሱ ናቸው የቀሩኝ፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ከተዘጋው በር ወዲያ የሰማሁት ለቅሶ፤ እንደምወደድ በእርግጥ ያወቅሁት ያን ማታ ነውና።

ከሱዳን የወጡ ሰዎች ሲገናኙ የጠፋባቸውን ይቆጥራሉ፤ አንዱ ሱቁን፣ አንዱ ወርቁን ያነሳል። አባዬን «አንተስ?» ሲሉት ሁልጊዜ የሚመልሰው አንድ ነው፦

«የኔ የጠፋ ነገር የለም። የጠፋው የልጄ አገር ነው።»