የሲሚንቶው ወለል

በፈቃደኝነት የማገለግልበት የውዝዋዜ ቡድን ቦርድ የሚሰበሰበው ቅዳሜ ከአሱር ሶላት በኋላ፣ ከኤረር በር ብዙም በማይርቀው የሰብሳቢያችን ቤት ነው። እኔ ለማስተማር ተመድቤ ሐረር መጥቼ በዚያው የቀረሁ ሰው ነኝ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል ተብሎ ጸሐፊ አደረጉኝ። ሽልማት ይሁን ቅጣት እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ጫማችንን በር ላይ አውልቀን፣ ምንጣፍ በለበሱት መደቦች ላይ እንደየዕድሜያችን እንቀመጣለን፤ ሽማግሌዎቹ ከፍ ብለው፣ እኛ ዝቅ ብለን። ሰላምታው ረጅም ነው። የጤናው፣ የልጆቹ፣ የዝናቡ ነገር ተጠይቆ አጀንዳው ጋ ስንደርስ ግማሾቻችን ሰዓት ማየት ጀምረናል።

የቡድኑ አሰልጣኝ አቦከር ሰፈር ባለ የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ልጆች ታስተምራለች። ራሷም ስትጨፍር እግሯ መሬት የሚነካ አይመስልም ነበር። ይነካ ነበር ግን፤ መሬቱም ባዶ ሲሚንቶ ነው። ጉልበቷን ሲያማት፣ የልጆቹም እንዳይበላሽ ብላ ወለሉ ላይ ጣውላ እንዲነጠፍ ቦርዱን ጠየቀች። ጣውላውን የሚሰጥ ነጋዴ ራሷ አግኝታለች። ከእኛ የምትፈልገው ለቀበሌው አንድ የፈቃድ መጠየቂያ ደብዳቤ ብቻ ነበር።

ማንም እምቢ አላላትም። አንድ ቅዳሜ ሰው ጎደለ። ሌላ ቅዳሜ የቀበሌው ኃላፊ ስለተቀየረ አዲሱን እንወቀው ተባለ። ረመዳን ገባ፣ ከዚያ የእኛ ሁዳዴ ገባ። እኔም በየጊዜው «ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ» ብዬ እጽፍና መዝገቡን በብብቴ ይዤ ቤቴ ወዳለበት ወደ ሐኪም ጋራ ተራራ ዳገቱን እያለከለክሁ እወጣለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ስብሰባው በመበተኑ ደስ ይለኝ ነበር። አራት ዓመት እንዲህ ሄደ።

ባለፈው ክረምት ጉልበቷ ጨርሶ እምቢ አለ። ሐኪሙም ከእንግዲህ መጨፈር የለም አላት። ቦርዱ በጣም አዘነ፤ አዝኖም አባል አደረጋት።

የመጀመሪያ ቀን መጥታ በሩ አጠገብ ያለው ዝቅተኛ መደብ ላይ ተቀመጠች። ቀኝ እግሯ ስለማይታጠፍ ወደ ሽማግሌዎቹ ተዘረጋ። በታላላቆች ፊት እግር መዘርጋት እዚህ ነውር ነውና ይቅርታ ጠየቀች። አይዞሽ አሏት። ከዚያ በኋላ ግን ሁላችንም ዓይናችንን የምናሳርፍበት ቦታ አጣን።

የጣውላው ነገር እንደገና ተነሳ። ሰብሳቢያችን ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ዛሬ ሁለት አባላት ስለቀሩ፣ ብለው ጀመሩ።

«ቲቸር» አለችኝ ቀስ ብላ። «አባባ ገና አልጨረሱም እኮ። ምን እየጻፉ ነው?»

መዝገቡን አየሁት። እጄ ጽፎ ጨርሷል። እንዳነብላት ጠየቀችኝና አነበብሁት፤ የገዛ ድምፄ አሳፈረኝ።

ሰብሳቢያችን የተዘረጋውን እግር ብዙ አዩት። «አስተግፊሩላህ» ብለው ፈጣሪያቸውን ይቅርታ ለመኑ። «ይሰርዙት ቲቸር። ደብዳቤውን አሁን ይጻፉት።»

እዚያው ጻፍሁት። እሳቸው ፈረሙበት፣ ማኅተሙም ተመታ። ግማሽ ገጽ አልሞላም።

ስንወጣ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማሰር አቃታት። እኔ ተንበርክኬ ክሩን ስይዝ፣ ኧረ ነውር ነው ብላ እግሯን ልትሸሽግ ሞከረች፤ አልሸሸግ አላት። አሰርሁላት።

«ጣውላው ሲነጠፍ» አለችኝ ከላዬ፣ «ከልጆቹ በፊት እኔ ልርገጠው። በአንድ እግሬም ቢሆን።»

እሺ አልኋት። ቶሎ አልተነሳሁም፤ ቀና ብዬ ፊቷን ማየት ፈራሁ።