የአብዱልሐኪም ፒካፕ ለምን ዘመመች

እስኪ ከኋላዋ ቁሙና ይቺን ፒካፕ ተመልከቷት። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ሞጣ ገበያ ዳር፣ ከጨርቅ ሱቁ ፊት ለፊት ቆማለች። በሹፌሩ በኩል ወደ መሬት ዘመም ብላ፣ ወፍራም ሰው የተቀመጠባት ትመስላለች። ውስጧ ግን ማንም የለም።

ወፍራም ሰው ነበራት። አብዱልሐኪም ይባላል፤ ታሞ ሞተ። ሚስቱ ኸይራት ዒዳዋን፣ ባል የሞተባት ሴት የምትቆየውን ጊዜ፣ ጨርሳ፣ መንገድ በተከፈተ ሰሞን ቁልፉን አነሳችና ጨርቋን ጭና ወደ ቢቸና መንዳት ጀመረች። ምን ትብላ ታዲያ? ከተማው ግን መኪናዋን ከኋላ አየና «ባሏ አልወረደም» አለ። አንዱ በቀልድ ተናገረው፣ ሌላው በሹክሹክታ ተቀበለው፣ ውሎ አድሮ እውነት ሆነ። መሳፈሪያ እየከፈሉ ከጎኗ የሚሄዱ ነጋዴዎች አንድ በአንድ ቀሩ። የአብዱልሐኪምን ስም የሚያነሳላትም ጠፋ፤ ቢጠሩት የሚመጣ ይመስል። እንዲህ ነን እኛ። ከመኪና ስር ገብቶ ማየት ልብስ ያቆሽሻል፤ ሙት መቀስቀስ ግን ምንም አያስወጣም።

የባሏ ታናሽ ወንድም ሙሐመድሸሪፍ ሱቋ ድረስ መጣ።

«ኸይሪ፣ ለእኔ ሽጪልኝ። ሌላ ማንም አይገዛሽም።»

«አንተስ አትፈራውም?»

«እኔን ይወደኝ ነበር።»

«እኔንስ?»

መኪናዋን በዓይኑ ለክቶ ሄደ።

ኸይራት እልህ ያዛትና እዚያው ሞጣ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰደቻት። ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ሆኖ ጭነቱን የሚሸከመው ባሌስትራ አርጅቷል ተባለና በሁለቱም በኩል አዲስ ተገጠመላት። መኪናዋ ከክሪክ ስትወርድ ሰው ከቧት ነበር። ጎማዎቹ መሬት ነኩ፣ ብረቱ አንዴ ሲጥ አለ፣ ከዚያ በሹፌሩ በኩል ቀስ ብላ ዝቅ አለች። ማንም አልሳቀም።

ከዚያ ወዲያ ኸይራትም አመነች። በሩን ስትከፍት «እስቲ ጠጋ በልልኝ» ትል ጀመር። ቁልቁለት ላይ ጎማው ከበላዩ ያለውን ፓራፋንጎ ሲፍቅ የሚያሰማው ድምፅ፣ ለእሷ ባሏ በመጨረሻው ሰሞን ይስለው የነበረው ሳል ነበር። እሱን ለመስማት ብላ ሬድዮ አትከፍትም። መፍራቷን መቼ እንዳቆመች አታውቅም። ብቻዋን አለመሄዷን ወደደችው።

አንድ ቀን ቢቸና ስትገባ ግን ሳሉ ጭስ ሆነ። ጎማው ተበልቶ ሽቦው ወጥቷል። በላቸው የሚባል ሽማግሌ መካኒክ አየውና ራሱን ነቀነቀ።

«ልጄ፣ ይሄ ሊገድልሽ ነው።»

«ባሌ ነው፣ ጋሼ።»

«ባልሽ ጎማ ይበላል?»

ከመሬት እስከ መኪናዋ ጠርዝ በስንዝሩ ለካ። ኸይራት አላማራትም፤ ጨርቅ ሻጭ ናት፣ ልኬት ከየት እንደሚጀመር ታውቃለች።

«አንዱ ጎማ የተበላ፣ አንዱ ደህና ሆኖ ከመሬት ቢለኩት ምን ያሳይዎታል?» አለችና ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ፣ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያዘች። ግራው ከቀኙ ሦስት ጣት አጠረ።

በላቸው ከስር ገብቶ ቆየና ወጣ።

«ግራና ቀኙን አቀያይረው ነው የገጠሙት። የሹፌሩ በኩል ከበድ ስለሚል ባሌስትራው ጎበጥ ብሎ ይሠራል። እነሱ ጎባጣውን በቀኝ ከተውታል።»

«ያኔ፣ ሳይቀየር በፊትስ ለምን ዘመመች?»

«የድሮውን ተጭኖ ያደከመው ባልሽ ነዋ። ስንት ዓመት ተቀመጠበት። የት ጣልሽው?»

ብረት ለቃሚ ወስዶታል። የእሱ የነበረው መዝመም ያኔውኑ ከአሮጌ ብረት ጋር ሄዷል። ያን ሁሉ ጊዜ ጠጋ በልልኝ ስትል የኖረችው የአንድ ጋራዥን ጥድፊያ ነው።

«ይቆይ ብልዎትስ?»

«ማለቱን በይኝ። ቁልቁለቱ ግን አይቆይልሽም።»

ባዶውን ወንበር በመስኮት አየችው። «ያቃኗት» አለች።

አቀያየረው፤ የተበላውንም ጎማ በመጠባበቂያው ለወጠ። ብሎኖቹን ግን ወዲያው አላጠበቀም፤ መኪናዋ በጎማዋ ቆማ የራሷን ክብደት እስክትሸከም ጠበቀ። «ተንጠልጥላ ካሰርኳት ቁመቷን ትዋሻለች» አላት። እኩል ቆመች። ኸይራት በሩን ከፍታ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። እስከ ሞጣ ድረስ ምንም ድምፅ አልሰማችም። ባሏ የሞተባት ያን ቀን ነው።

ሙሐመድሸሪፍ ከኋላ ቆሞ አያት። «አስለቀቅሽው? ማን ጋ ሄደሽ ነው?»

«መካኒክ ጋ።»

«ተይ እንጂ። ለእኔም ትደብቂኛለሽ?»

ማንም አላመናትም። አሁን ደግሞ ሙት ታስለቅቃለች ብለው እሷን ይፈራሉ፤ ከጎኗ ያለው ወንበር ዛሬም ባዶ ነው። ማፈር ያለበት ማን እንደሆነ ተናግሬ ልጨርስ ነበር፤ ማፈር ግን ለኸይራት ምን ያደርግላታል? ስለዚህ ከሞጣ ቢቸና መንገድ ካላችሁ ሌላ መኪና አትጠብቁ። ግቡና ከጎኗ ተቀመጡ፤ አብዱልሐኪም ምን ዓይነት ሰው እንደነበረም፣ በስሙ ጠርታችሁ ጠይቋት።